ሳይቃጠል በቅጠል፦ ለቤት ኮምፒዩተር ቀላልና በቂ ጥበቃ እንዴት እንምረጥ?

ሰሞኑን በወላይታ ሶዶ ከተማ፣ በዩኒቨርሲቲው አካባቢ ከሚገኙት የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ወረፋ ይዤ ቆሜ ነበር፡፡ ከፊቴ የነበረው ወጣት የመመረቂያ ጽሑፉን ለማሳተም ፍላሹን ሰጠ፡፡ ፍላሹ ሲከፈት “ምዕራፍ አንድ”፣ “ምዕራፍ ሁለት” የሚሉት ፎልደሮች በሙሉ ትንሽ ቀስት የተለጠፈችባቸው ሾርትከቶች ሆነው ቁጭ ብለዋል፡፡ ልጁ ላብ አጠመቀው፡፡ የሚያስረክብበት ቀን በማግስቱ ነበር፡፡

“አንቲቫይረስ የለሽም እንዴ?” አልኳት የቤቱን ባለቤት፡፡

“ኧረ አለኝ ጋሼ፣ ያውም ሁለት!” አለችኝ፡፡

እውነቷን ነው፤ ሁለት አላት፡፡ አንደኛው የፈቃድ ጊዜው ካለፈ ከዓመት በላይ ሆኖታል፡፡ ሁለተኛው በየጥቂት ደቂቃው ብቅ እያለ “ወደ ሙሉው አገልግሎት ያሳድጉ” ይላል፡፡ ኮምፒዩተሩ አንድ ሰነድ ለመክፈት የሚፈጅበት ጊዜ ቡና አስፈልቶ ያስጠጣል፡፡ ይህም ሁሉ ሆኖ ቫይረሱን የከለከለ የለም፡፡

የዛሬው ጽሑፍ መነሻ ይህ ነው፡፡ ብዙዎቻችን የኮምፒዩተር ጥበቃ የሚመስለን የጫንነው ሶፍትዌር ብዛት ነው፡፡ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው፡፡ ለአንድ የቤት ኮምፒዩተር የሚበቃው አንድ በየጊዜው የሚታደስ ጸረ ቫይረስ፣ አንድ ጥሩ የማስታወቂያ ማገጃ፣ አንድ ከኮምፒዩተሩ ውጭ የተቀመጠ የሰነዶች ቅጂና ጥቂት ልማድ ነው፡፡ ከዚህ በላይ የሚጫነው አብዛኛው ነገር ማሽኑን ያከብደዋል እንጂ አያስከብረውም፡፡

አደጋው ከየት ይመጣል?

መድኃኒት ከመግዛት በፊት በሽታውን ማወቅ ይገባል፡፡ በእኛ አገር የቤት ኮምፒዩተር የሚበከልባቸው ዋና ዋና በሮች አራት ናቸው፡፡

የመጀመሪያው ፍላሽ ነው፡፡ በሶዶ፣ በአረካም ሆነ በቦዲቲ ሰነድ ከቤት ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄደው በአብዛኛው በፍላሽ ነው፡፡ የሾርትከት ቫይረስ የሚባለው የሚኖረው በዚህ ልማድ ላይ ነው፡፡ አሠራሩ ቀላል ነው፡፡ የእርስዎን ፎልደሮች “የተደበቀ” እና “የሲስተም ፋይል” የሚል ምልክት ሰጥቶ ይሰውራቸዋል፡፡ በቦታቸው ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሾርትከቶች ይተክላል፡፡ እርስዎ ፎልደር የከፈቱ መስሎዎት ሾርትከቱን ሲጫኑ መጀመሪያ ቫይረሱ ይነሳል፣ ወደ ኮምፒዩተሩ ይገለበጣል፣ ከዚያም እንዳይጠረጠር ፎልደሩን ይከፍትልዎታል፡፡ ከዚያ በኋላ እዚያ ማሽን ላይ የሚሰካ ፍላሽ ሁሉ ይበከላል፡፡ ማይክሮሶፍት ፍላሽ ሲሰካ በውስጡ ያለው ፕሮግራም በራሱ እንዳይነሳ የሚያደርገውን ማሻሻያ ለቀደሙት ዊንዶውሶች ጭምር ያሰራጨው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2011 ነው፡፡ የሾርትከት ዘዴ ግን የሰውን እጅ ስለሚጠቀም ያ ማሻሻያ አያቆመውም፡፡

ሁለተኛው በር “ክራክ” ነው፡፡ ዊንዶውስና ኦፊስን ያለ ፈቃድ የሚያስከፍቱ ፕሮግራሞች ሲጫኑ “መጀመሪያ አንቲቫይረስህን አጥፋ” የሚል መመሪያ አላቸው፡፡ ዘበኛውን አሰናብቶ የማያውቁትን ሰው ወደ ቤት ማስገባት ማለት ይኸው ነው፡፡ የኮፒራይትና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን እንደ ማንኛውም የአእምሮ ሥራ የሚጠብቅ መሆኑን የሕግ ሰው እንደመሆኔ ሳላስታውስ አላልፍም፡፡ ሕጉን ትተን ጥቅማችንን ብቻ ብናሰላ እንኳ ኪሳራው የእኛ ነው፡፡

ሦስተኛው በር ሐሰተኛ ማሻሻያና የኢሜይል አባሪ ነው፡፡ ይህ ለኢትዮጵያውያን የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፡፡ በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ባወጣው ሪፖርት እንደገለጸው፣ በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በሌሎች አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የተቃውሞ ሰዎች ቪዲዮ ለማየት የሚጋብዝ ኢሜይል ይደርሳቸው ነበር፡፡ ማያያዣውን ሲከፍቱ “ቪዲዮውን ለማየት አዶቤ ፍላሽ ፕሌየርዎን ያሻሽሉ” ይባላሉ፡፡ የሚወርደው ግን ሳይበርቢት የተባለው የእስራኤል ኩባንያ የሠራው የስለላ ሶፍትዌር ነበር፡፡ አዶቤ ራሱ ፍላሽ ፕሌየርን መደገፍ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ስለሆነ ዛሬ “ፍላሽ ፕሌየርዎን ያሻሽሉ” የሚል መልእክት ያየ ሰው ያለ ምንም ጥርጥር ውሸት መሆኑን ይወቅ፡፡

አራተኛው በር ማስታወቂያ ነው፡፡ ብዙ ሰው ማስታወቂያን እንደ ሁከት እንጂ እንደ አደጋ አይቆጥረውም፡፡ እ.ኤ.አ. በማርች 2016 እንደ ኒውዮርክ ታይምስና ቢቢሲ ባሉ ታላላቅ ድረ ገጾች ላይ በማስታወቂያ አከፋፋዮች በኩል ሾልከው የገቡ ማስታወቂያዎች የአንባቢዎችን ኮምፒዩተር ሊበክሉ ሞክረዋል፡፡ የአሜሪካው ፌዴራል የምርመራ ቢሮ (ኤፍ.ቢ.አይ.) ደግሞ በዲሴምበር 2022 ወንጀለኞች የታወቁ ድርጅቶችን ስም ተመስለው በፍለጋ ውጤቶች ላይ ማስታወቂያ እንደሚገዙ አስጠንቅቆ ሕዝቡ የማስታወቂያ ማገጃ እንዲጠቀም መክሯል፡፡ አንድን ሶፍትዌር በስሙ ፈልገው ከላይ የመጣውን የመጀመሪያ ውጤት ሲጫኑ የሚያገኙት ባለቤቱን ሳይሆን አስመሳዩን ሊሆን ይችላል ማለት ነው፡፡

ሕጉስ?

“ሕግ የለም ወይ?” የሚል አንባቢ አይጠፋም፡፡ አለ፡፡ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒዩተር መግባትን፣ ግንኙነትን መጥለፍን፣ ዳታ ማጥፋትንና ጉዳት ለማድረስ የተሠራ ፕሮግራም ማሰራጨትን በወንጀል ያስቀጣል፡፡ ተቀባዩ ሳይፈቅድ የንግድ ማስታወቂያ በኢሜይል ማዛመትንም አይምርም፡፡ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የዜጎች የግል መረጃ ያለ ሕጋዊ መሠረት እንዳይሰበሰብና እንዳይሸጥ ይደነግጋል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፡፡

ነገር ግን ሕግ በተፈጥሮው ከጥፋቱ በኋላ የሚመጣ ነው፡፡ ለዚህ አንድ የፍርድ ቤት ታሪክ ልጥቀስ፡፡ ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሆነና በሜሪላንድ የሚኖር አሜሪካዊ፣ “ኪዳኔ” በሚል መጠሪያ ማንነቱን ሸሽጎ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በዋሽንግተን ዲሲ ፍርድ ቤት የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ፡፡ ክሱ እንደሚለው በ2012 መጨረሻ በኢሜይል የደረሰውን ሰነድ በቤት ኮምፒዩተሩ ሲከፍት ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር ገባበት፡፡ ሶፍትዌሩ ለወራት የስካይፕ ንግግሮቹንና የቤተሰቡን የኢንተርኔት አጠቃቀም ሲመዘግብ ቆየ፡፡ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በማርች 2017 የሥር ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ ማድረጉን አጸና፡፡ ምክንያቱ ድርጊቱ አልተፈጸመም የሚል አይደለም፤ ወደዚያ ጭብጥ አልተገባም፡፡ በውጭ መንግሥታት ያለመከሰስ ሕግ መሠረት ጥፋቱ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው በአሜሪካ ምድር የተፈጸመ መሆን ስላለበትና ይኸኛው ከውጭ አገር የተነሳ በመሆኑ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለኝም አለ፡፡

አንድ ሰው በሳሎኑ ውስጥ በተቀመጠ ኮምፒዩተር ላይ ለደረሰበት ነገር በዓለም ኃያል በሆነው አገር ፍርድ ቤት ፊት ቀርቦ ጉዳዩ እንኳ ሳይሰማ ተመለሰ፡፡ እኛማ ፍላሻችንን ያበላሸውን የማናውቀውን ሰው የት አግኝተን እንከስሳለን? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ጥበቃው ከቤት መጀመር አለበት፡፡

ጸረ ቫይረስ ለምን ያከብዳል?

ጸረ ቫይረስ አንድ ፋይል በተከፈተ ቁጥር መሐል ገብቶ ይመረምረዋል፡፡ ይህን ለማድረግ በኮምፒዩተሩ ውስጥ እጅግ ጥልቅ የሆነ ሥልጣን ይሰጠዋል፡፡ ሁለት ጸረ ቫይረስ አብረው ሲጫኑ ሁለቱም አንዱን ፋይል ይሻማሉ፤ አንዳንዴም አንዱ ሌላውን እንደ ጠላት ይቆጥረዋል፡፡ አራት ጊጋባይት ሜሞሪና አሮጌ ሃርድ ዲስክ ባለው ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ ውጤቱ በጽሕፈት ቤቷ ያየነው ነው፡፡

ሥልጣኑ ጥልቅ መሆኑ ሌላም መዘዝ አለው፡፡ እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው ኩባንያ ለድርጅቶች የሚሸጠው የደህንነት ሶፍትዌር በተሳሳተ ማሻሻያ ምክንያት 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ማሽኖችን ከሥራ ውጭ አድርጓል፡፡ ቫይረስ አልነበረም፤ ጠባቂው ራሱ ነበር፡፡ በመሆኑም እያንዳንዱ የምንጨምረው ጠባቂ አንድ ተጨማሪ ቁልፍ ያዥ መሆኑን አንርሳ፡፡

በእጅ ያለው ዲፌንደር

ዊንዶውስ 8 ከወጣበት እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ዊንዶውስ የራሱን ጸረ ቫይረስ ይዞ ይመጣል፡፡ ዛሬ ስሙ ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ነው፡፡ ክፍያ የለውም፣ “ካልከፈልክ” እያለ አይነዘንዝም፣ የፈቃድ ጊዜውም አያልቅም፡፡ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በፈተና ወደ ኋላ ይቀር ነበር፡፡ አሁን ግን የጀርመኑ ኤ.ቪ. ቴስት በሚያካሂዳቸው ፈተናዎች ከሚከፈልባቸው ጋር ተሰልፎ ከፍተኛ ነጥብ ያገኛል፡፡

እውነቱን ለመናገር ግን በፍጥነት አንደኛ አይደለም፡፡ የኦስትሪያው ኤ.ቪ. ኮምፓራቲቭስ ጸረ ቫይረሶች ኮምፒዩተርን ምን ያህል እንደሚያዘገዩ በተከታታይ ይለካል፤ በዚህ ልኬት ዲፌንደርን የሚቀድሙት አሉ፡፡ በተለይ ብዙ ፋይል ሲገለበጥ ክብደቱ ይታያል፡፡ ለተራ የቤት ሥራ ግን ልዩነቱ ሌላ ጭኖ ዲፌንደርን ለመተው የሚያበቃ ሆኖ አላገኘሁትም፡፡ ሌላ ጸረ ቫይረስ ሲጫን ዲፌንደር በራሱ ፈቀቅ ይላል፡፡ ስለዚህ ጊዜው ያለፈበትን ጸረ ቫይረስ ማስወገድ በቂውን ጠባቂ መልሶ ወደ ሥራ ማስገባት ነው፡፡

“ዊንዶውስ ሴኩሪቲ” የሚለውን ከፍተው የሚከተሉትን ይመልከቱ፡፡

“ሪል ታይም ፕሮቴክሽን” እና “ታምፐር ፕሮቴክሽን” የሚሉት ክፍት ይሁኑ፡፡ ሁለተኛው ሌላ ፕሮግራም ጠባቂውን እንዳያጠፋው የሚከለክል ነው፡፡

“ሪፒዩቴሽን ቤዝድ ፕሮቴክሽን” በሚለው ሥር አላስፈላጊ ፕሮግራሞችን የሚያግደውን ምርጫ ያብሩ፡፡ ከነፃ ሶፍትዌር ጋር ተጣብቀው የሚገቡትን ጥገኞች ይይዛል፡፡

“ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ” የሰነድና የፎቶ ፎልደሮችን ያልታወቀ ፕሮግራም እንዳይነካቸው ያጥራል፡፡ ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁትን ለመከላከል ይረዳል፡፡ አንዳንዴ ጤነኛ ፕሮግራምንም ስለሚያግድ ያን ጊዜ በእጅ መፍቀድ ያስፈልጋል፡፡

በስልክ ዳታ የሚሠራ ሰው ጥቅሉ እንዳያልቅ “ሚተርድ ኮኔክሽን” የሚለውን ምርጫ ያበራል፡፡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ማሻሻያዎች ስለሚዘገዩ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን በእጁ “ቼክ ፎር አፕዴትስ” የሚለውን ይጫን፡፡ ያልታደሰ ጸረ ቫይረስ ያለፈውን ዓመት ሌባ ፎቶ ይዞ እንደሚጠብቅ ዘበኛ ነው፡፡

አንድ ነገር ከጠረጠሩ ሁለተኛ አስተያየት መጠየቅ ይቻላል፡፡ የማልዌርባይትስ ነፃው ስሪት የሙከራ ጊዜው ካለፈ በኋላ ሲጠሩት ብቻ መጥቶ ስለሚመረምር ማሽኑን ዘወትር አያከብድም፡፡ የዲፌንደር “ኦፍላይን ስካን” ደግሞ ዊንዶውስ ሳይነሳ በፊት ስለሚፈትሽ የተደበቁትን ለማውጣት ይጠቅማል፡፡

ሌላ ልጫን ለሚል

ገንዘብ ከፍሎ መግዛት የሚፈልግ ሰው ኢሴት ኖድ32ን የመሳሰሉ ቀላል በመሆናቸው የሚታወቁ ምርጫዎች አሉት፡፡ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ የሚታሰብና በየዓመቱ የሚታደስ መሆኑን ግን አስቀድሞ ያስላ፡፡ ማደስ ካልቻሉ ባይጀምሩት ይሻላል፡፡

ካስፐርስኪ በብቃት ፈተናዎች ስመ ጥር ነው፡፡ የአሜሪካ መንግሥት ግን ከሩሲያ ጋር ባለው ግንኙነት ምክንያት በ2024 በአገሩ እንዳይሸጥ ከልክሎታል፡፡ ክልከላው እኛን አይመለከትም፡፡ ትምህርት የሚሆነው የተከተለው ነገር ነው፡፡ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ በብዙ አሜሪካውያን ደንበኞች ኮምፒዩተር ውስጥ ካስፐርስኪ ራሱን አጥፍቶ አልትራ ኤ.ቪ. የተባለ ሌላ ሶፍትዌር በቦታው ተተካ፡፡ ብዙዎቹ ያወቁት ከሆነ በኋላ ነው፡፡ ቁልፍ የሰጡት ሰው ቁልፉን ለሌላ ሊያስተላልፍ ይችላል፡፡

“ነፃ” የሚለውን ቃልም እንመርምረው፡፡ በአገራችንም በሰፊው የሚታወቀው አቫስት በተባባሪው ጃምፕሾት በኩል የተጠቃሚዎቹን የኢንተርኔት አሰሳ መረጃ ከመቶ ለሚበልጡ ድርጅቶች መሸጡ ተደርሶበት፣ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በ2024 የ16.5 ሚሊዮን ዶላር ክፍያ ጥሎበታል፡፡ ጃምፕሾት የተዘጋው በ2020 ነው፡፡ ሰዎቹ ሶፍትዌሩን የጫኑት እንዳይሰለሉ ነበር፡፡ በሕግ ትምህርት ቤት ስምምነት ማለት አውቆና ፈቅዶ መቀበል ነው ተብለን ተምረናል፤ “እስማማለሁ” የሚለውን ያለ ንባብ የሚጫን ሰው ግን ፊርማውን በባዶ ወረቀት ላይ እንደሚያኖር ሰው ነው፡፡

የማስታወቂያ ማገጃ

ከአራቱ በሮች አንዱ ማስታወቂያ ነው ብለናል፡፡ ማገጃ ሁለት ጥቅም አለው፡፡ አደጋውን ይቀንሳል፣ ማሽኑንና የዳታ ጥቅሉን ያቀልላል፡፡ የታገደ ማስታወቂያ ጭራሹን ስለማይወርድ በሜጋባይት ለሚከፍል ሰው ይህ ገንዘብ ነው፡፡

ከሁሉ የተመሰገነው ዩብሎክ ኦሪጅን ነው፡፡ ሬይመንድ ሂል በተባለ ባለሙያ የተጀመረ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነና ሜሞሪ የማይፈጅ ነው፡፡ ስሙን በጥንቃቄ ይለዩ፤ “ዩብሎክ” የሚል ስም ብቻ የያዘው ሌላ ነው፡፡ እዚህ ላይ የቅርብ ጊዜ ለውጥ አለ፡፡ ጉግል የክሮምን የኤክስቴንሽን ሥርዓት ስለለወጠ ሙሉው ዩብሎክ ኦሪጅን ከ2024 ጀምሮ ቀስ በቀስ ከክሮም ወጥቶ በ2025 ሙሉ በሙሉ መሥራት አቁሟል፡፡ በክሮም ላይ የቀረው ዩብሎክ ኦሪጅን ላይት የተባለው አነስተኛ ስሪት ነው፡፡ አቅሙ ቢቀንስም ከምንም ይሻላል፡፡ ሙሉውን የሚፈልግ ሰው ፋየርፎክስን ይጫንና በዚያ ላይ ይጨምረው፡፡ ምንም መጨመር የማይወድ ደግሞ ብሬቭን ይሞክር፤ ማገጃው አብሮት ተሠርቷል፡፡

አድብሎክ ፕላስ የቆየና የታወቀ ነው፡፡ ይሁንና ከ2011 ጀምሮ “ተቀባይነት ያላቸው” የሚላቸውን ማስታወቂያዎች ያሳልፋል፤ ትልልቅ ኩባንያዎችም ለዚህ ይከፍሉታል፡፡ ምርጫውን ማጥፋት ይቻላል፤ ጠባቂው ከአላፊ አግዳሚው ደመወዝ እንደሚቀበል አውቆ መቅጠር ግን የእርስዎ ፋንታ ነው፡፡

ምንም ሶፍትዌር ሳይጫን የሚሠራ ሌላ መንገድም አለ፡፡ ኮምፒዩተራችን አንድን ድረ ገጽ ለማግኘት አድራሻውን የሚጠይቀው ዲ.ኤን.ኤስ. የተባለ አገልግሎት ነው፡፡ በኔትወርክ ሴቲንግስ ውስጥ ይህን ቁጥር ወደ 9.9.9.9 ቢቀይሩ ኳድ ናይን የተባለው አገልግሎት በአደገኛነት የታወቁ አድራሻዎችን ይዘጋል፡፡ 94.140.14.14 የአድጋርድ ሲሆን ማስታወቂያንም ይጨምራል፡፡ ልጆች ላሉት ቤት 1.1.1.3 የተባለው የክላውድፍሌር አገልግሎት የአዋቂዎችን ገጾች ጭምር ያግዳል፡፡ ለደካማ ማሽን ከዚህ የቀለለ ጥበቃ የለም፡፡ ብቻውን ግን አይበቃም፤ በራሱ በድረ ገጹ አድራሻ የሚመጡ ማስታወቂያዎችን አይለይም፡፡

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፡፡ የግል ጋዜጦች የሚኖሩት በማስታወቂያ ነው፡፡ ይህን ምክር በጋዜጣ ላይ ስሰጥ የተቀመጥኩበትን ቅርንጫፍ የምቆርጥ ሊመስል ይችላል፡፡ ስለዚህ የሚያምኗቸውንና የሚያነቧቸውን ገጾች ከማገጃው ነፃ ማድረግ እንደሚቻል አስታውሳለሁ፤ አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ነው፡፡ ማንን ማስገባት እንዳለበት የሚወስነው ግን ባለቤቱ መሆን አለበት፡፡

አሮጌ ዊንዶውስ ያለው ምን ያድርግ?

የማንኛውም ጸረ ቫይረስ ብርታት በሥሩ ካለው ሥርዓት አይበልጥም፡፡ እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በ150 አገሮች ከ200 ሺሕ በላይ ኮምፒዩተሮችን ሲቆልፍ መከላከያው ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር፡፡ የተጎዱት ያላሻሻሉት ናቸው፡፡ ዊንዶውስ 7 ከጃንዋሪ 2020 ወዲህ ማሻሻያ የለውም፡፡ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፡፡ ለቤት ተጠቃሚዎች የተፈቀደው ተጨማሪ የደህንነት ማሻሻያ እስከ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 13 ቀን 2026 የሚዘልቅ ነው፡፡ ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሄድ ከኢንቴል ማሽኖች በአመዛኙ ስምንተኛው ትውልድና ከዚያ በኋላ የመጡት ያስፈልጋሉ፡፡

ማሽናቸው የማይፈቅድላቸው ሊኑክስ ሚንትን ቢያስቡ አይጎዱም፡፡ ነፃ ነው፣ በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል፣ ለዊንዶውስ የተሠሩት የፍላሽ ቫይረሶች አይነሱበትም፣ የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳም አለው፡፡ በፓወር ግዕዝ መጻፍ የለመደ ሰው ግን ለጥቂት ሳምንታት መቸገሩ አይቀርም፡፡ ከመወሰን በፊት ደግሞ ዝግታው ከቫይረስ መሆኑን ያረጋግጡ፡፡ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው አሮጌው ሃርድ ዲስክ ነው፤ በኤስ.ኤስ.ዲ. ሲቀየር ማሽኑ እንደ አዲስ ይነሳል፡፡

ዛሬ ማታ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ሁለት ጸረ ቫይረስ ካለ አንዱን፣ ጊዜው ያለፈበት ከሆነ እሱን ያስወግዱ፡፡ ዲፌንደር መነሳቱን ያረጋግጡ፡፡

ሁለተኛ፣ ዊንዶውስንና ብራውዘሩን ያሻሽሉ፡፡

ሦስተኛ፣ ዩብሎክ ኦሪጅንን በፋየርፎክስ ላይ ወይም ላይት የተባለውን በክሮም ላይ ይጫኑ፡፡

አራተኛ፣ ከቤትዎ ውጭ የዋለ ፍላሽ ሲመለስ ከመክፈትዎ በፊት ቀኙን የማውስ ቁልፍ ተጭነው በዲፌንደር ያስፈትሹት፡፡ ማተሚያ ቤት ሲሄዱ ዋናውን ሰነድ ሳይሆን ቅጂውን፣ ያውም በፒ.ዲ.ኤፍ. ብቻ የያዘ ባዶ ፍላሽ ይውሰዱ፡፡

አምስተኛ፣ የፋይል ስሞች ቅጥያ እንዲታይ ያድርጉ፡፡ “ፎቶ” ወይም “ደብዳቤ” ተብሎ መጨረሻው ላይ የፕሮግራም ቅጥያ ያለው ነገር ደብዳቤ አይደለም፡፡

ስድስተኛ፣ ለዕለት ሥራና ለልጆች የአስተዳዳሪነት ሥልጣን የሌለው የተጠቃሚ አካውንት ይክፈቱ፡፡

ሰባተኛውና ዋናው፣ የቤት ካርታውን፣ የትምህርት ማስረጃውን፣ የቤተሰቡን ፎቶና ያላለቀውን ጽሑፍ በሌላ ዲስክ ላይ ይገልብጡና ከኮምፒዩተሩ ነቅለው ያስቀምጡት፡፡ የተሰካ ቅጂ ከዋናው ጋር አብሮ ይቆለፋል፡፡ ጸረ ቫይረስ ሁሉ አንድ ቀን ይሳሳታል፤ ያን ቀን የሚያድነው ይህ ቅጂ ብቻ ነው፡፡

የዚያ ተማሪ ጽሑፍ አልጠፋም ነበር፡፡ ተሰውሮ ነው እንጂ ፍላሹ ውስጥ ነበር፡፡ ዕድሜ ለአንድ ሌላ ወረፋተኛ፣ በፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አደረገ፤ የሲስተም ፋይሎችን የሚሸሽገውንም ምርጫ አነሳው፡፡ ፎልደሮቹ ፈዘዝ ብለው ብቅ አሉ፡፡ ልጁ ሾርትከቶቹን ሳይነካ ሰነዱን ወደ ሌላ ንጹሕ ኮምፒዩተር አሻገረና አሳተመ፡፡ የቤቱ ባለቤት ደግሞ በዚያው ቀን ሁለቱንም ጸረ ቫይረሶች አስወገደች፡፡ በሳምንቱ ስመለስ ኮምፒዩተሯ ሰነድ ይከፍት የነበረው ቡና ሳይፈላ ነው፡፡